በየማታው ሦስት ምዕራፍ አነባለሁ፤ ከጎረቤቴ ጋር ግን አልነጋገርም

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ46 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ካቶሊክ ነኝ፤ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ኮንዶሚኒየም ደርሶን ኮዬ ፈጬ ገባን። ያደግኩበት ቁምስና መሀል ከተማ ስለሆነ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ ሰልፉም ተጨምሮበት፣ በወር ሁለት እሑድ ብደርስ ነው። የቀረውን ለማካካስ ብዬ ዘንድሮ ከመስከረም 1 ጀምሮ በየማታው ሦስት ሦስት ምዕራፍ ማንበብ ጀመርኩ። አሁን ዘሌዋውያን ላይ ቆሜያለሁ። እውነቱን ለመናገር ምንም አይሰማኝም። ሲሰለቸኝ ዝም ብዬ እከፍትና የወጣልኝን አነባለሁ። ሌላው ጭንቀቴ ውሃ ነው። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ግራውንድ ያለችው ጎረቤታችን ፓምፕ አስገጥማ ሮቶዋን እስክትሞላ ድረስ ለእኛ ጠብ አይልም። ለእህቴ ነገርኩ፣ ቡና ላይ ለጎረቤቶቹ ነገርኩ፣ ለብሎኩ ኮሚቴ ነገርኩ፣ ባለቤቴም ያውቃል። ምንም የተለወጠ የለም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊቴን አዞራለሁ። እንዲህ ሆኜ መቁረብ ከበደኝና ከፍልሰታ ወዲህ አልቆረብኩም። ማንበቡን ልተወው? ወይስ የማነብበት መንገድ ነው ችግሩ?

ምላሽ፦

እህቴ፣ ማንበቡን አትተዪው። ቅዱስ ጄሮም «መጻሕፍትን አለማወቅ ክርስቶስን አለማወቅ ነው» ያለውን ቃል የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለምእመናን ሁሉ ደግሞ ነግሮናል። መጠኑን ግን ቀንሺ። ለምን እንደምልሽ እንዲገባሽ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ።

በዕቅድሽ ከሄድሽ መስከረም 9 ማታ ኦሪት ዘፍጥረት 25ን፣ 26ንና 27ን አንብበሻል። 25 ላይ ኤሳው ብኵርናውን በምስር ወጥ ይሸጣል፤ 27 ላይ ያዕቆብ የአባቱን ምርቃት ይወስዳል። እነዚህን ሁለቱን ሳታስታውሺ አትቀሪም። በመካከል ያለውን 26ኛውንስ? በሁለት ትልልቅ ታሪኮች መካከል ስለተሸጎጠ የብዙ ሰው ዓይን ዘሎት ያልፋል። ያ ምዕራፍ ስለ ውሃ ጠብ ነው።

አብርሃም በሕይወት ሳለ ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች፣ እሱ ከሞተ በኋላ ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተው ደፈኗቸው። ልጁ ይስሐቅ ተመልሶ አስቆፈራቸው፤ አባቱ ባወጣላቸውም ስም ጠራቸው። ከዚያ አገልጋዮቹ በሸለቆው ውስጥ ሲቆፍሩ የሚፈልቅ ውሃ አገኙ። የጌራራ እረኞች መጡና «ውኃው የእኛ ነው» አሉ። ይስሐቅ ጉድጓዱን ዔሴቅ አለው፤ ጭቅጭቅ እንደ ማለት ነው። ሌላ አስቆፈረ፤ በዚያም ተጣሉ፤ ስጥና አለው። ስጥና በዕብራይስጡ «ሰይጣን» ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ባላጋራነት ማለት ነው። እኔ ይህን ምዕራፍ ሳስተምር ሁልጊዜ እዚህ ላይ እቆማለሁ። በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ የነበረው ጭቅጭቅ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ነገሩ አድጎ ጠላትነት ሆነ። ውሃው ያው ውሃ ነው። አንቺም በመጀመሪያ የተጣላሽው ስለ ፓምፕ ነበር፤ «ፊቴን አዞራለሁ» ብለሽ ስትጽፊ ግን ከዔሴቅ ወደ ስጥና መሻገርሽ ታየኝ። ሦስተኛውን ጉድጓድ ማንም አልተጣላበትም። ርኆቦት አለው፣ ስፋት፤ «አሁን እግዚአብሔር አሰፋልን» ሲል።

እኔም ከአንቺ ብዙ ሳልርቅ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ውሃ የሚመጣበትን ሌሊት አውቀዋለሁ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ከዚያ የጀሪካን ድምፅ በየደረጃው ይጀምራል፣ እናቶች በነጠላ ተከናንበው ይወርዳሉ። ስለዚህ ምን ብለሽ እንደምትመልሽልኝ ይገባኛል፦ «ይስሐቅስ ፈቀቅ ብሎ ሌላ ቆፈረ፤ እኔ ከሦስተኛ ፎቅ ወዴት ፈቀቅ ልበል?»

ትክክል ነሽ። ብዙ ስብከት እዚህ ላይ ይስታል። «ይስሐቅ ትቶት ሄደ፣ አንቺም ተዪው» ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው። የጋራ ቧንቧ ግን የሁሉም ነው፤ ልጆችሽን ለማጠብ የሚሆን ውሃ መፈለግሽም ጠብ ወዳድነት አያሰኝሽም። ከአንድ ጥቅስ ግማሹን ወስደው የተበደለን ሰው ዝም የሚያሰኙበትን አነጋገር እኔ አልቀበለውም፤ ቤተ ክርስቲያንም አላስተማረችውም። ምዕራፉም እዚያ ላይ አያበቃም።

ከቁጥር 26 ጀምሮ ያለውን አንብቢው። የጌራራው ንጉሥ አቢሜሌክ ከወዳጁና ከሠራዊቱ አለቃ ጋር ሆኖ ወደ ይስሐቅ ይመጣል። ይስሐቅ መጀመሪያ ያደረገው ለምን እንደመጡ መጠየቅ ነው፤ እንደጠሉትና እንዳባረሩትም ፊት ለፊት ነገራቸው። ቂም የያዘ ሰው እንዲህ አይናገርም። ቂም የያዘ ሰው «ኧረ ምንም የለም፣ ሰላም ነን» ብሎ ጥርሱን አሳይቶ ያልፋል፤ ቤቱ ገብቶ ያወራል። ይስሐቅ የሆነበትን ለሆኑበት ሰዎች ተናገረ። ከዚያ ማዕድ አቀረበላቸው፤ በሉ፣ ጠጡ። ማልደው ተነሥተው ተማማሉና በሰላም ተለያዩ። በዚያው ቀን አገልጋዮቹ መጥተው «ውኃ አገኘን» አሉት። እውነቱ ተነገረ፣ ማዕዱ ቀረበ፣ መሐላው ተደረገ፤ የውሃው ወሬ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልመለስ። የነገርሻቸውን ሰዎች ቆጠርኳቸው፦ እህትሽ፣ ባለቤትሽ፣ ቡና ላይ ያሉት ጎረቤቶች፣ ኮሚቴው፣ አሁን ደግሞ እኔ። ጎረቤትሽ ራሷ ከዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ምናልባት አንድ ጊዜ ነግረሻት መጻፍ ረስተሽ ይሆናል። ካልነገርሻት ግን፣ እህቴ፣ በሽታው ያለው እዚያ ነው፤ ንባብሽ የደረቀውም ከዚያው የተነሣ ይመስለኛል። ጌታችን በማቴዎስ 18፣ ቁጥር 15 ላይ ወንድምህ ቢበድልህ ሂድና አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ይላል። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፤ ካልሆነ ለጉባኤው። ሽምግልናን የምናውቅ ሕዝብ ስለሆንን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ጎበዞች ነን። የመጀመሪያው ግን ያስፈራል። ሽማግሌ መላክ፣ ለኮሚቴ ማመልከት፣ ቡና ላይ ማንሣት ይቀለናል፤ በር አንኳኩቶ «አንቺ፣ ይህን ነገር እንነጋገር» ማለት ያቅተናል። አንቺ በሦስተኛው ደረጃ ጀምረሽ ነው መንገዱ የጠፋብሽ።

ዘሌዋውያን ላይ ቆሜያለሁ ማለትሽ ደግሞ አስገርሞኛል፤ ምክንያቱም ያቆምሽው መልስሽ አጠገብ ነው። መጽሐፉ ስለ መሥዋዕት ሥርዓት፣ ስለ ንጹሕና ርኩስ ምግብ፣ ስለ ለምጽ ሲናገር አንባቢ ይደክመዋል፤ እኔም ደክሞኝ ያውቃል። ምዕራፍ 19 ላይ ስትደርሺ ግን እግዚአብሔር ከመሠዊያው አጠገብ ተነሥቶ ወደ እርሻው፣ ወደ ገበያውና ወደ ሰፈሩ ይወጣል። ስታጭድ የእርሻህን ዳር ለድኻና ለመጻተኛ ተውለት፤ የቀን ሠራተኛው ደመወዝ አንተ ዘንድ አይደር፤ በደንቆሮ ላይ ክፉ አትናገር፤ በዕውር ፊት እንቅፋት አታኑር። ቁጥር 16 በሕዝብ መካከል ወሬ እያመላለሱ መዞርን ይከለክላል። ቁጥር 17 ወንድምህን በልብህ አትጥላው፣ ባልንጀራህን ገሥጸው ይላል። ቁጥር 18 ቂም አትያዝ፣ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ይላል።

ጌታችን ከትእዛዛት ሁሉ ትልቁ የትኛው እንደሆነ ሲጠየቅ እግዚአብሔርን ከመውደድ ቀጥሎ ያነሣው ይህንኑ የዘሌዋውያን ቃል ነው። እኛ ስንጠቅሰው ከጎረቤቶቹ ነጥለን ነው የምንጠቅሰው። በቦታው ሲነበብ ግን ፍቅር ብቻውን አልቆመም፤ ከፊቱ ሐሜትን መተው አለ፣ ጥላቻን ከልብ ማውጣት አለ፣ የበደለን ሰው በግልጽ መናገር አለ። መገሠጽና መውደድ በዚያ ቦታ ተቃራኒ ሆነው አልተጻፉም። ያልተገሠጸ በደል በልብ ውስጥ ጥላቻ ይወልዳል፤ ለዚህ ነው «በልብህ አትጥላው» ካለ በኋላ ወዲያው «ገሥጸው» የሚለው።

ይህን ስጽፍልሽ ከላይ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ምክንያት ስድስት ዓመት ሳንነጋገር ኖረናል። በእነዚያ ስድስት ዓመታት በየሳምንቱ ስለ ይቅርታ አስተምር ነበር። አንድ ጊዜ ያዕቆብና ኤሳው የሚታረቁበትን ዘፍጥረት 33ን ለሰዎች ሳነብ፣ ያዕቆብ ወንድሙን ፊትህን ማየቴ የእግዚአብሔርን ፊት እንደማየት ሆነልኝ የሚለው ቦታ ላይ ድምፄ ተቆረጠ፤ ማንበቡን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ሄድኩ። እርቁ ወዲያው አልሞላም፤ ዛሬም ስለ ቤቱ አንስማማም። በዓል ላይ ግን አንድ ትሪ እንቀርባለን። ያንን ምዕራፍ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እግዚአብሔር ያውቃል።

ስለ መቁረብሽ። ከዚህ ሁሉ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከመድኃኒቱ ራስሽን ለይተሻል። ሁለት ነገር ለይተሽ ተመልከቺ። መጎዳት፣ መናደድ፣ ደረጃ ላይ ስታያት ልብሽ መምታቱ አንድ ነገር ነው። ክፉ እንዲደርስባት መመኘት፣ ላለመታረቅ መወሰን ሌላ ነገር ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2843 ላይ በደልን እንዳይሰማን ማድረግ ወይም መርሳት በእኛ ሥልጣን እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ለመንፈስ ቅዱስ የተሰጠ ልብ ግን ቁስሉን ወደ ርኅራኄ፣ ጉዳቱንም ለበደለው ሰው ወደ መለመን ይለውጠዋል ይላል። ስለዚህ ስሜቱ አለብኝ ብለሽ ብቻ ከቁርባን አትራቂ። ጥላቻው ሥር ሰዶ ከሆነ ደግሞ የኑዛዜ በር ክፍት ነው፤ ቆሞስሽን፣ የቁምስናሽን ካህን፣ አግኝተሽ ተናዘዢ፤ የቀረውን እሳቸው ይመሩሻል፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ልገባ አልችልም።

በግእዙ ሥርዓት ቅዳሴያችን ውስጥ ለአንቺ የተቀመጠ የሚመስል ቦታ አለ። ከፍሬ ቅዳሴው በፊት ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ይላል፤ በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለቱ ነው። ሕዝቡም ክርስቶስ አምላካችን ሆይ፣ እርስ በርሳችን በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም ለመባባል የተገባን አድርገን ብሎ ይመልሳል። በላቲኑ ሥርዓት ይህ ሰላምታ ወደ ቁርባኑ መቀበያ ቀረብ ብሎ ይመጣል፤ በእኛ ግን ከመሥዋዕቱ አስቀድሞ ነው፤ ጌታ በማቴዎስ 5፣ ቁጥር 23 እና 24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ እንዳለው። መልሱን ልብ በይው፤ ሕዝቡ «ታርቀናል» አይልም፣ «የተገባን አድርገን» ብሎ ይለምናል። ሳትችዪው እንኳ መለመን ትችያለሽ።

ያን የማቴዎስ ቃል ደግሞ ቀስ ብለሽ አንብቢው። «አንተ በወንድምህ ላይ ቅሬታ ካለህ» አይልም። ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ ነው የሚለው። አንቺ በእሷ ላይ ያለሽን ነግረሽኛል። እሷስ በአንቺ ላይ ምን አላት? ስሟ በብሎኩ ሁሉ ዞሯል። ማን እንዳዞረው ሳትሰማ የቀረች አይመስለኝም።

አሁን ስለ ንባቡ።

በመዝሙር 1፣ ቁጥር 2 ላይ ብፁዕ የተባለው ሰው ሕጉን «በቀንና በሌሊት ያስባል»። «ያስባል» ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ግሥ በአፍ ማጉረምረምን፣ ቃሉን በጉሮሮ ማመላለስን የሚያሳይ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ይህንኑ ግሥ አንበሳ ባደነው ላይ ለሚያሰማው ድምፅ በምዕራፍ 31፣ ለርግብ ልቅሶም በምዕራፍ 38 ተጠቅሞበታል። አያቶቻችን ይህን ሳይነገራቸው ያወቁት ይመስለኛል። «ዳዊት አነበበ» አይሉም ነበር፤ «ዳዊት ደገመ» ነው የሚሉት። ቋንቋችን ራሱ መዝሙር አንዴ ታይቶ የሚታለፍ እንዳልሆነ ይነግረናል። አንቺ ግን ያነበብሽውን ሳትደግሚ ወደሚቀጥለው እየሮጥሽ ነበር።

በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረ ጉዊጎ የሚባል የካርቱዚያን መነኩሴ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ይህንን በአራት እርከን መሰላል መስሎታል፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ በዝምታ በእግዚአብሔር ፊት መቆየት። ማንበብ ምግቡን አፍ ውስጥ ይከተዋል፣ ማሰላሰል ያላምጠዋል፣ ጸሎት ጣዕሙን ያገኛል፣ የመጨረሻው ጣፋጭነቱ ራሱ ነው ይላል። አንቺ በየማታው ሦስት ጉርሻ በላይ በላይ አፍሽ ውስጥ እየከተትሽ ሳታላምጪ ነበር የምትተኚው። ጣዕም ማጣትሽ አያስደንቅም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ እግዚአብሔር ቃል በጻፉት ሰነድ ላይ ደግሞ፣ ይህ ንባብ ወደ ተግባር እስካልደረሰ ድረስ አልተጠናቀቀም ብለዋል። በአንቺ ሁኔታ ተግባሩ ያለው ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ግራውንድ በሚወርደው ደረጃ ላይ ነው።

ስለዚህ ከአሥር ቁጥር አትለፊ። ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ፤ ልጆቹ ቢሰሙም ምንም አይደለም። አንዴ አንብበሽ ዝም በይ፣ ድገሚው። ከአሥሩ አንዱ ቃል ይይዝሻል፤ ከያዘሽ ጋር ቆዪ፤ ስለምን እንደያዘሽ ጠይቂው። ከዚያ በራስሽ ቋንቋ ለእግዚአብሔር መልሺለት። ቁጣም ቢሆን መልሺለት፤ ከዳዊት መዝሙሮች ስንቱ እሮሮ ነው! ምንም ካልያዘሽ ነገ ያንኑ አንብቢ። ሸማ ስታጥፊ፣ ሽንኩርት ስትከትፊ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሚ ያን አንድ ቃል ይዘሽ ዙሪ። ስሜት ላይመጣ ይችላል። ስሜት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ የንባብሽ መለኪያ አታድርጊው።

ዝም ብለሽ ከፍተሽ የወጣልሽን ማንበቡን ግን ተዪው። ቅዱስ አውግስጢኖስ ሚላን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ386 «አንሥተህ አንብብ» የሚል የሕፃን ድምፅ ሰምቶ የጳውሎስን መልእክት ከፈተ፣ ሮሜ 13 ወጣለት፣ ሕይወቱም ተለወጠ። ይህን ሰዎች ይጠቅሱልኛል። የከፈተው መጽሐፍ ግን ሲያነበው የቆየው፣ ሲታገለው የነበረው መጽሐፍ ነበር። ቃሉን እንደ ዕጣ ማውጣት በተጨነቀ ሰው እጅ አደገኛ ነው፤ በተጣላሽ ማታ የቍጣ ጥቅስ ይወጣልሽና «እግዚአብሔርም ከእኔ ጋር ነው» ብለሽ ትተኚያለሽ።

በሦስተኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ኦሪጌን በዚህ በዘፍጥረት 26 ላይ ሰብኳል። ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ባትቆጥረውም ስብከቶቹን አባቶች ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል። ጉድጓዶቹ መጻሕፍት ናቸው ይላል፤ ፍልስጥኤማውያን አፈር የሞሉባቸው። ከዚያ ነገሩን ወደ ሰሚው ያዞረዋል፦ በእያንዳንዳችሁ ነፍስ ውስጥም የሕይወት ውሃ ጉድጓድ አለ፣ አፈር ስለተጫነበት ነው የማይፈልቀው። በመጽሐፉ ላይ የምታየው ድርቀትና በልብሽ ላይ ያለው አፈር በአንድ አካፋ ይወጣሉ።

ወደ ጎረቤትሽ ስትሄጂ ውሃ በማይመጣበት ቀን ሂጂ። ሌሊት ጀሪካን ይዘሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ፣ ፓምፑ እየጮኸ ከሆነ አንድም ደግ ቃል አይወጣሽም። ቡና ጥሪያት፤ ካልመጣች ቆሎም ቢሆን ይዘሽ ወደ እሷ ውረጂ። መጀመሪያ የራስሽን ተናገሪ፦ «ነገሩን ለአንቺ ሳልነግር ለሰው ነግሬብሻለሁ፤ በዚህ ይቅር በይኝ።» ይህን ካልሽ በኋላ የውሃውን ነገር ሳትሸፍኚ ንገሪያት፤ ልጆችሽ ሳይታጠቡ ትምህርት ቤት እንደሄዱ፣ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት እንደቆየሽ። ከዚያ ጠይቂያት፣ ስሚያትም። ግራውንድ ያለ ሰው የራሱ ፍርሃት አለው፤ ለሚቀጥሉት ቀናት ውሃ እንዳያልቅበት ነው የሚሞላው፤ ምናልባት የታመመ ሰው ቤቷ አለ፣ አታውቂም። ይስሐቅና አቢሜሌክ እንደተማማሉት እናንተም የሚያዝ ስምምነት ያስፈልጋችኋል፦ ለምሳሌ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ፓምፕ ላይነሣ፣ ከዚያ በኋላ የግራውንዱ ተራ እንዲሆን። እሺ ካለች ለኮሚቴው አብራችሁ ንገሩ።

እሺ ላትል ትችላለች። ቃሉን ስለታዘዝሽ ውሃ ይመጣል ብዬ ቃል አልገባልሽም። እምቢ ካለች ሁለት የምታከብራቸው ሰዎች ይዘሽ ተመለሺ፤ ያም ካልሆነ ኮሚቴው ይወስን። መብትሽን በሥርዓት መጠየቅ ይቅር አለማለት አይደለም፤ ወደ ኮሚቴውም ሄደሽ ማታ ስሟን በጸሎትሽ መጥራት ትችያለሽ። ደረጃ ላይ ግን ከእንግዲህ ፊትሽን አታዙሪ። እሷ ብታዞርም «እንደምን አደርሽ» በያት።

ንባቡን የቅዳሴ ማካካሻ ማድረግሽ ልብሽ ደግ ስለሆነ ነው። ሆኖም የቫቲካኑ ጉባኤ በዚያው በ1965ቱ ሰነድ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳት መጻሕፍትን የጌታን ሥጋ እንደምታከብር ሁሉ ታከብራቸዋለች፣ ከቃሉና ከሥጋው ማዕድ የሕይወትን እንጀራ ትመግባለች ይላል። ሁለቱን ለያይተሽ አንዱን በሌላው ምትክ አታድርጊ። መድረስ በማትችዪበት እሑድ ራስሽን አትኰንኚ፤ ችግርሽን ለቆሞስሽ ንገሪ። በምትደርሺበት እሑድ ደግሞ ተዘጋጅተሽ ድረሺ፦ የሳምንቱን ግጻዌ ከቁምስናው ጠይቂና ከጳውሎስ፣ ከሐዋርያት መልእክት፣ ከግብረ ሐዋርያት፣ ከምስባኩና ከወንጌሉ የትኛው ክፍል እንደሚነበብ አስቀድመሽ እወቂ። ቅዳሜ ማታ ወንጌሉን ደግመሽው ከሄድሽ፣ ዲያቆኑ ምስባኩን ሲያዜም ከሩቅ የመጣሽ እንግዳ አትሆኚም።

ብቻሽንም አታንብቢ። በግብረ ሐዋርያት 8 ላይ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነብ የነበረውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታውቂዋለሽ። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ከዚያ ከጎኑ እንዲቀመጥ ለመነው። የንግሥት ባለሟል፣ የገንዘብ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሳለ አልገባኝም ለማለት አላፈረም። የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት እ.ኤ.አ. በ1976 በየሰፈሩ የሚሰበሰቡ አነስተኛ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦችን የሐዋርያዊ ሥራቸው ቀዳሚ ጉዳይ ያደረጉት ከቁምስና ርቀው ለሚኖሩ እንዳንቺ ላሉ ሰዎችም ጭምር ነው። ኮዬም፣ ቱሉ ዲምቱም፣ ቂሊንጦም ዕጣ ደርሷቸው የመጡ ካቶሊክ ቤተሰቦች አሉ፤ አብዛኞቹ እንዳንቺ ብቻቸውን የሆኑ ይመስላቸዋል። ቆሞስሽን በአካባቢሽ ማን እንዳለ ጠይቂ። ሦስት ሰው ካገኘሽ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቤትሽ ጥሪያቸው፤ አንድ ወንጌል፣ አንድ ረከቦት ቡና ይበቃል። ባለቤትሽም ቢፈልግ ይቀመጥ፤ ዳዊት መድገም ከአንቺ በፊት ከእናቱ የሰማው ነው።

በየማታው ሦስት ምዕራፍ የማንበብ ዕቅድሽን ለጊዜው እጠፊው፤ ዘሌዋውያን የትም አይሄድም። ዛሬ ማታ ምዕራፍ 19ን ከቁጥር 9 እስከ 18 ድረስ አንብቢ። አሥር ቁጥር ነው። ነገም ያንኑ አንብቢ፤ ከነገ ወዲያም ያንኑ። ከዚያ ወደ ግራውንድ ውረጂና እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።